የታለበ የጡት ወተት አቀማመጥ፦ ከእናት እጅ እስከ ሞግዚት እጅ

የወሊድ ፈቃድ ሲያልቅ ሕፃኑ ገና የሦስት ወር ልጅ ነው። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ከወሊድ በኋላ የሚሰጠው ፈቃድ 90 ቀን ነው። የጤና ባለሙያዎች ደግሞ ሕፃኑ ስድስት ወር እስኪሞላው፣ በሐኪም ከታዘዘ መድኃኒት በቀር፣ ከእናቱ ጡት ወተት ሌላ ውኃ እንኳ እንዳይቀምስ ይመክራሉ። እናት ሥራ ውላ በምትገባበት በቀሪው ሦስት ወር ሕፃኑ ቀኑን የሚያሳልፈው በታለበ ወተት ነው ማለት ነው። ብዙ እናቶች ግን ፈቃዱ ሊያልቅ ሁለት ቀን ሲቀረው ማለቢያ ይገዙና ጥቂት ጠብታ ብቻ ሲወጣላቸው ተስፋ ቆርጠው ወደ ዱቄት ወተት ይሄዳሉ። አብዛኛውን ጊዜ ወተቱ አለ፤ የሚጎድለው አስተላለቡን፣ አቀማመጡንና የሚቆይበትን ሰዓት የሚያሳይ ሰው ነው።

ከታች ያለው ሁሉ በጊዜው ለተወለደ ጤናማ ሕፃን ነው። ያለጊዜው የተወለደ፣ የታመመ ወይም ሆስፒታል የተኛ ሕፃን ካለሽ የሰዓት ገደቦቹ ሊያጥሩ ስለሚችሉ የሚከታተለውን ባለሙያ ቃል ተከተዪ።

መጀመሪያ፦ ስንት ወተት ያስፈልጋል?

ፍሪዘር ሙሉ ወተት ማከማቸት የሚያስፈልጋት እናት ጥቂት ናት። መብራት በየጊዜው በሚጠፋበት ከተማ የሁለት ወር ክምችት ይዞ መቀመጥ ከጥቅሙ ጭንቀቱ ይበልጣል። የሚያስፈልግሽ የነገው ቀን ወተት ዛሬ መኖሩ ብቻ ነው፤ ዛሬ መሥሪያ ቤት ያለብሽው የነገ የሕፃኑ ምግብ ይሆናል፣ የነገው ደግሞ የተነገ ወዲያ። በዚህ ላይ ለክፉ ቀን የሁለት ቀን መጠባበቂያ ፍሪዘር ውስጥ ካለ በቂ ነው።

መጠኑን ለመገመት ከአንድ እስከ ስድስት ወር ላለ ሕፃን፣ ከእርሱ ለምትለዪበት ለእያንዳንዱ ሰዓት 30 ሚሊ ሊትር ገደማ አስቢ። ጠዋት 2 ሰዓት ወጥተሽ 11 ሰዓት ላይ የምትመለሺ ከሆነ ዘጠኝ ሰዓት ነው፤ ወደ 270 ሚሊ ሊትር፣ ማለትም ሦስት ጊዜ 90 ሚሊ ሊትር። አንዱ ሕፃን ከዚህ ይበልጣል፣ ሌላው ያንሳል፤ በመጀመሪያው ሳምንት ራሱ ያሳይሻል።

ልምምዱን ሥራ ከመግባትሽ ሁለት ሳምንት ቀደም ብለሽ ጀምሪ። ጠዋት ሕፃኑ ከጠባ በኋላ አንድ ጊዜ ማለብ ይበቃል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት የሚወጣው ትንሽ ቢሆን አትደንግጪ፤ ጡት የሚያመርተው በሚጠየቀው ልክ ነው፣ ለአዲሱ ጥያቄ መልስ ለመስጠት ደግሞ ጥቂት ቀን ይፈልጋል።

ዕቃው

ክዳኑ ጥብቅ የሚል፣ አፉ ሰፊ የሆነ ብርጭቆ ወይም ጠንካራ ፕላስቲክ ጥሩ ነው። ፕላስቲክ ከሆነ ለምግብ የተሠራና ቢፒኤ የሚባለው ኬሚካል የሌለበት መሆኑን ተመልከቺ። ለጡት ወተት ተብለው የተሠሩ ከረጢቶች በመድኃኒት ቤቶችና በሕፃናት ዕቃ መደብሮች ይገኛሉ፤ ለፍሪዘር ቦታ ይቆጥባሉ፣ ግን አንድ ጊዜ ብቻ ነው የሚያገለግሉት። ፌስታል አይሆንም። ባዶ የሃይላንድ ጠርሙስም አይሆንም፤ አንገቱ ጠባብ ስለሆነ ብሩሽ አያስገባም፣ ሲቀቀል ይኮማተራል፣ ውስጡ የቀረውን ስብ ማንም አያየውም።

ጡጦ የግድ አይደለም። እንዲያውም ጤና ጣቢያ ብትጠይቂ በስኒ ወይም በትንሽ ኩባያ መስጠትን ነው የሚመክሩሽ፤ ለማጠብ ይቀላል፣ ሕፃኑም ጡት መያዝ አያስረሳውም። እኔም በዚህ እስማማለሁ፤ የጡጦ ጫፍ በደንብ ሲታጠብ ያየሁባቸው ቤቶች ብዙ አይደሉም።

ማለቢያውንና ማስቀመጫውን እንዲህ አጽጂ፦ ወተት የነካውን ክፍል ሁሉ ፈታቺና መጀመሪያ በንጹሕ ውኃ አለቅልቂ። ከዚያ ለዚህ ብቻ በተለየ ሳፋ ውስጥ በሙቅ ውኃና በሳሙና፣ ለዚሁ ብቻ በተለየ ብሩሽ እሺ። የዕቃ ማጠቢያው ገንዳና የወጥ ድስት የሚታሽበት ስፖንጅ የጀርም መኖሪያ ናቸው፤ ከዚህ ዕቃ ጋር አይገናኙ። ካለቀለቅሽ በኋላ መቀቀል የሚችለውን ሁሉ በቀን አንድ ጊዜ በውኃ ውስጥ አስጥመሽ ለ10 ደቂቃ ቀቅዪ። አዲስ አበባ ከፍታዋ 2,300 ሜትርን ስለሚያልፍ ውኃ የሚፈላው 92 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ነው፤ ጀርም ለመግደል ይህም ይበቃል፣ ሰዓቱን ግን አትቀንሺ። ቆጠራው የሚጀምረው ውኃው መንተክተክ ሲጀምር ነው። በመጨረሻም በንጹሕ ፎጣ ላይ ደፍተሽ በራሱ ይድረቅ። በወጥ ቤት ጨርቅ ማበስ የለፋሽበትን መልሶ ማቆሸሽ ነው።

አስተላለቡ

እጅሽን በሳሙና ለ20 ሰከንድ ታጠቢ፤ ጥፍርሽንም አትርሺ። ጡትሽን ግን በየጊዜው በሳሙና ማጠብ አያስፈልግም፤ ጫፉን ያደርቀዋል፣ ይሰነጥቀዋል። የዕለት የገላ መታጠብ በቂ ነው።

ማለቢያ መሣሪያ ከሌለሽ በእጅ ማለብ ይቻላል፤ ከለመድሽው ከመሣሪያው የሚያንስበት ነገር የለም። ለብ ያለ ፎጣ ጡትሽ ላይ ለጥቂት ደቂቃ አድርጊ፣ ከላይ ወደ ጫፉ በቀስታ አሻሺ። አውራ ጣትሽን ከጫፉ በላይ፣ ሌሎቹን ጣቶች ከሥር፣ ከጫፉ ሥር ሦስት ሴንቲ ሜትር ያህል ራቅ አድርገሽ ያዢ። መጀመሪያ ወደ ደረትሽ ግፊ፣ ከዚያ ጣቶችሽን አገናኝተሽ ጭመቂ፣ ልቀቂ። ጫፉን ራሱን መጭመቅ ወይም ቆዳው ላይ እያንሸራተቱ መጎተት ያማል እንጂ ወተት አያወጣም። የመጀመሪያዎቹ ጭምቆች ባዶ ሊሆኑ ይችላሉ፣ ቀጥዪ። አንዱን ጡት ለአምስት ደቂቃ ያህል አልበሽ ወደ ሌላው ተሻገሪ፣ ከዚያ ተመለሺ። በአጠቃላይ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይወስዳል።

የመጀመሪያውን ወተት መድፋት አያስፈልግም። ፀሐይ ላይ ውላ የገባች እናት «ፀሐይ መትቶታል» ተብላ እንድትደፋው ስትመከር ይሰማል፤ ጡት ውስጥ ያለ ወተት በፀሐይ አይበላሽም። ጥም እንዳይጠናብሽ አንቺ ውኃ ጠጪ እንጂ የልጅሽን ድርሻ አትድፊ።

መሥሪያ ቤት ውስጥ በየሦስት ሰዓቱ ገደማ ለማለብ ሞክሪ። የመንግሥት ሠራተኛ ከሆንሽ ስለ ሕፃናት ማቆያ ቦታ ጠይቂ፤ የመንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 1064/2010 መሥሪያ ቤቶች እንዲያዘጋጁ አዝዞ ነበር። ሌላ ቦታ የምትሠሪ ከሆነ የሚቆለፍ ክፍል፣ መጋዘንም ቢሆን፣ ለግማሽ ሰዓት እንዲፈቀድልሽ አስቀድመሽ አነጋግሪ። መጸዳጃ ቤት ውስጥ ግን አትለቢ። ማንም እዚያ ምሳውን አይበላም።

ወዲያው የሚደረገው

ወተቱ ከጡት እንደወጣ ሰዓቱ መቁጠር ይጀምራል። ስለዚህ ክደኚው፣ ጻፊበት፣ አቀዝቅዢው፤ ስልክሽን ከዚያ በኋላ ታነሺዋለሽ።

በአንድ ዕቃ ከ60 እስከ 120 ሚሊ ሊትር ብቻ አድርጊ። ትልቅ ዕቃ ሙሉ ወተት ሕፃኑ ግማሹን ጠጥቶ ሲተወው ግማሹ ይደፋል። ፍሪዘር ገብቶ የሚበረድ ከሆነ ከላይ ሁለት ሴንቲ ሜትር ተኩል ያህል ባዶ ቦታ ተዪ፤ ወተት በረዶ ሲሆን ስለሚሰፋ እስከ አፉ የተሞላ ብርጭቆ ይሰነጠቃል።

አሁን የታለበ ለብ ያለ ወተት ቀዝቃዛው ላይ አይጨመርም። ሁለቱን ማደባለቅ ከፈለግሽ አዲሱን መጀመሪያ ፍሪጅ ውስጥ ለብቻው አቀዝቅዢና ከዚያ ጨምሪው። የተደባለቀው ዕድሜ የሚቆጠረው ከቀድሞው ነው።

መለያው ላይ የታለበበትን ቀንና ሰዓት ጻፊ። ይህ ቀላል ይመስላል፤ በእኛ አገር ግን ሁለት ዘመን አቆጣጠርና ሁለት ሰዓት አለ። ስልክሽ 8፡00 ሲል ጠዋት 2 ሰዓት ነው፤ ሞግዚቷ ግን ከሰዓት በኋላ 8 ሰዓት ብላ ልታነበው ትችላለች፣ የስድስት ሰዓት ልዩነት ማለት ነው። «5/2» ብለሽ የጻፍሽውን አንዱ ጥቅምት 5፣ ሌላው ፌብሩዋሪ ውስጥ ይፈልገዋል። ስለዚህ ቤታችሁ የሚጠቀምበትን አንዱን መርጠሽ በቃል ጻፊ፦ «ማክሰኞ፣ ጠዋት 4 ሰዓት»። ለፍሪጅ ወተት የዕለቱ ስም ከቀኑ ቁጥር ይበልጥ ይረዳል፤ ለፍሪዘሩ ወርና ቀን ጨምሪበት። ወተቱን የምትሰጠው ሰው ማንበብ የማትችል ከሆነ ባለ ቀለም ክር አንገቱ ላይ እሰሪ፤ ለሰኞ ቀይ፣ ለማክሰኞ አረንጓዴ እያልሽ፣ ወይም ሁልጊዜ ቀድሞ የሚሰጠው በስተቀኝ በኩል እንዲሆን ተስማሙ።

ፍሪጅ ውስጥ ቦታው ወደ ኋላ ነው። በሩ በተከፈተ ቁጥር በበሩ መደርደሪያ ላይ ያለው ይሞቃል፤ በበዓል ሰሞን በር ከመዘጋቱ መከፈቱ በሚበዛበት ቤት ደግሞ ይባስ። ጥሬ ሥጋ ካለ ከወተቱ በታች፣ በተከደነ ዕቃ ይቀመጥ።

ስንት ሰዓት፣ ስንት ቀን

አራት፣ አራት፣ ስድስት ብለሽ ያዢው። አዲስ የታለበ ወተት፦

ክፍል ውስጥ፣ ሙቀቱ እስከ 25 ዲግሪ ሲሆን — እስከ 4 ሰዓት።
ፍሪጅ ውስጥ፣ በ4 ዲግሪ — እስከ 4 ቀን።
ፍሪዘር ውስጥ፣ ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ — 6 ወር ቢሆን ይመረጣል፣ እስከ 12 ወር ግን አይጎዳም።

የመጀመሪያው መስመር ለአዲስ አበባ፣ ለጎንደር ወይም ለደብረ ብርሃን እናት ይሠራል። ድሬዳዋ፣ ጋምቤላ፣ ሠመራ ወይም መተማ ከሆንሽ ክፍሉ ከ30 ዲግሪ የሚያልፍባቸው ቀናት ስለሚበዙ አራቱን ሰዓት እርሺው፤ እንደታለበ ወደ በረዶ ወይም ወደ ፍሪጅ ይግባ።

ሦስተኛው መስመርም ማስጠንቀቂያ ይፈልጋል። በብዙ ቤት ያለው ባለ አንድ በር ፍሪጅ ከላይ ትንሽ የበረዶ ሳጥን አለችው። ያቺ ከዜሮ በታች 18 አትደርስም። እዚያ ያስቀመጥሽውን በሁለት ሳምንት ውስጥ ተጠቀሚበት። የፍሪጅሽን ቅዝቃዜ ካላመንሽው ቴርሞሜትር ውኃ ባለበት ብርጭቆ ውስጥ ከትተሽ አሳድሪና ጠዋት ተመልከቺ።

ዓርብ መሥሪያ ቤት ያለብሽው ሰኞ ገና ሦስተኛ ቀኑ ነው፤ ፍሪዘር ሳይነካው ለሰኞ ይሆናል።

ፍሪጅ የሌለበት ቦታ

በረዶ ያለበት ትንሽ የቀዝቃዛ ዕቃ መያዣ ቦርሳ ወተቱን እስከ 24 ሰዓት ያቆያል፤ ቁም ነገሩ በረዶው እስከ መጨረሻው በረዶ ሆኖ መቆየቱና ወተቱን መንካቱ ነው። በረዶ መግዛት አያስፈልግም። ቤት ወይም ጎረቤት ፍሪዘር ካለ ሁለት የሃይላንድ ጠርሙስ ውኃ ማታ አስገቢ፤ ለወተት የከለከልኩት ጠርሙስ ለዚህ ሥራ ግን ተስማሚ ነው። ሁለቱ መካከል ወተቱን አድርጊና ቦርሳውን እስክትገቢ አትክፈቺ። ከመሥሪያ ቤት እስከ ቤት ታክሲ ወረፋ ላይ የምትቆሚበትም ጊዜ በዚህ ይሸፈናል።

በረዶም ካልተገኘ ዕቃውን በቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ማቆምና ጥላ ቦታ ማስቀመጥ ይረዳል፤ ነገር ግን ከአራት ሰዓት በላይ አያስኬድሽም። በዚህ ጊዜ በምሳ ሰዓት ወደ ቤት መሄድ ወይም ሕፃኑን ወደ አንቺ ማስመጣት የተሻለ ዘዴ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ጮክ ብዬ እናገራለሁ። ወተቱን አሙቀሽ በፔርሙዝ አትያዢ። ሻይ ሲፈላ ጀርሙ ስለሚሞትና በጣም ትኩስ ሆኖ ስለሚቆይ ፔርሙዝ ውስጥ ችግር የለበትም። ባክቴሪያ ግን ከለብ ያለ ወተት የሚመች ቤት አያገኝም፤ ሕፃኑ «ቀዝቃዛ እንዳይጠጣ» ተብሎ ጠዋት ለብ ተደርጎ ፔርሙዝ ውስጥ የገባ ወተት ቀትር ላይ በሽታ ይዞ ይወጣል። ፔርሙዝሽ ንጹሕ ከሆነ በረዶ ሙዪበትና ወተት ያለበትን ትንሽ ዕቃ ለማቀዝቀዝ ተጠቀሚበት፣ ወይም ሙቅ ውኃ ብቻ ያዢበትና ሲደርስ ወተቱን ለማሞቅ አውጪው።

መብራት ሲጠፋ

የመጀመሪያው ነገር በሩን አለመክፈት ነው። ያልተከፈተ ፍሪጅ ለአራት ሰዓት ያህል ቅዝቃዜውን ይይዛል። የሞላ ፍሪዘር 48 ሰዓት፣ ግማሽ የሆነ 24 ሰዓት ያህል ይቆያል፤ ስለዚህ ባዶ ቦታ ካለው የውኃ ጠርሙስ ሙዪበት።

አንቺ ሥራ ላይ እያለሽ ጠፍቶ እንደነበር የሚነግርሽ ምስክርም አስቀምጪ። በአንድ ኩባያ ውኃ ፍሪዘር ውስጥ አበርጂና በበረዶው ላይ የአንድ ብር ሳንቲም አድርጊ። ስትመለሺ ሳንቲሙ ከላይ ካለ ሁሉም ደህና ነው። በረዶ ሆኖ ሳንቲሙ ግን ከኩባያው ሥር ከተገኘ ፍሪዘሩ ሙሉ በሙሉ ቀልጦ እንደገና ቀዝቅዟል ማለት ነው፤ ያ ወተት ይደፋ።

መቅለጥ የጀመረ፣ ግን ውስጡ ገና የበረዶ ቅንጣት ያለበት ወተት ተመልሶ ሊበረድ ይችላል። ሙሉ በሙሉ የቀለጠ ግን ገና ቀዝቃዛ የሆነውን ወደ ፍሪጅ አዛውሪውና በ24 ሰዓት ውስጥ ይጠጣ፤ ዳግም አይበረድም።

ማቅለጥና ማሞቅ

ቀድሞ የገባው ቀድሞ ይወጣል። የበረደውን ማታ ከፍሪዘር ወደ ፍሪጅ አውርጂ፣ እስከ ጠዋት ይቀልጣል፤ ፍሪጅ ውስጥ ሙሉ በሙሉ ከቀለጠበት ሰዓት ጀምሮ 24 ሰዓት አለሽ። ቸኩለሽ ከሆነ እንደተከደነ ለብ ባለ ውኃ ውስጥ አቁሚው።

ለማሞቅም መንገዱ ይኸው ነው፤ ሳህን ውስጥ ሙቅ ውኃ፣ ውኃው ውስጥ ዕቃው። በቀጥታ እሳት ላይ አይጣድም፤ የወተቱን ጥቅም ይቀንሳል። ማይክሮዌቭ ደግሞ አንዱን ቦታ አቃጥሎ ሌላውን ቀዝቃዛ አድርጎ ስለሚተው የሕፃኑን አፍ ያቃጥላል። ከላይ የተንሳፈፈው ስብ እስኪዋሃድ በቀስታ አዙሪው፣ አንድ ጠብታ በእጅሽ አንጓ ላይ አድርገሽ ሞክሪ። ከሞቀ ወይም ወደ ክፍል ሙቀት ከደረሰ በኋላ ሁለት ሰዓት ብቻ ነው ያለው። ማሞቅ ግዴታም አይደለም፤ ቀዝቃዛውን የሚቀበል ሕፃን ብዙ ነው፣ ሆዱንም አይጎዳውም።

ወተቱን ለምትሰጠው ሰው

እስካሁን ያለው ሁሉ በአንቺ እጅ ነው። ቀሪው በሞግዚቷ ወይም በአያት እጅ ነው፣ ብዙ ጊዜ የሚበላሸውም እዚህ ነው። ሥራ ከመጀመርሽ በፊት ሁለት ቀን አብረሻቸው ሁኚና አንቺ እያየሽ እነርሱ ይሥሩት።

ሕፃኑ በክንዳቸው ላይ ቀና ብሎ ይቀመጥ፣ አይተኛ። ስኒው የታችኛውን ከንፈር ይንካና ወተቱ ከንፈሩን እንዲነካ ብቻ ያዘንብል፤ ሕፃኑ በምላሱ እየላሰ በራሱ ይወስዳል። አፉ ውስጥ ማፍሰስ ትን ያስብላል። ሲበቃው አፉን ይዘጋል፣ ፊቱን ያዞራል፤ በዚያ ይቆም።

የተረፈው ከባድ ጉዳይ ነው። የሕፃኑ አፍ ከነካው ስኒ የተረፈ ወተት፣ መጥባት ከጨረሰ በኋላ በሁለት ሰዓት ውስጥ ካልተጠጣ ይደፋል። ወተት መድፋት የሚከብዳት አያት ይህን ሰምታ ዝም ትልሻለች፤ አንቺ ከወጣሽ በኋላ ግን ወደ ፍሪጅ ትመልሰዋለች። ከመከራከር ይልቅ እንዲህ በያት፦ «እማዬ፣ መጀመሪያ ትንሽ ቅጂለት፣ ከፈለገ ትጨምሪለታለሽ፤ ያልነካው ፍሪጅ ውስጥ ይቆይሻል።» በ60 ሚሊ ሊትር ያስቀመጥሽባቸው ዕቃዎች የሚጠቅሙት እዚህ ነው። የሚደፋው ሲያንስ ደንቡ ይከበራል።

መልኩና ሽታው

ወተቱ ሁለት ቦታ ተከፍሎ፣ ከላይ ወፍራም ከታች ቀጭን ሆኖ ብታገኚው አልተበላሸም፤ የሁልጊዜ ጠባዩ ነው። ሰማያዊ፣ ቢጫ ወይም ክሬም መሰል መሆኑም ከምትበዪውና ከታለበበት ሰዓት ጋር ይለዋወጣል።

የበረደ ወተት ሲቀልጥ ሳሙና ሳሙና የሚሸትባቸው እናቶች አሉ። ይህ ስብ የሚሰባብረው ሊፔዝ የተባለ ኢንዛይም ሥራ ነው፤ አይጎዳም፣ ብዙ ሕፃናትም ይጠጡታል። ያንቺው እምቢ ካለ ቀጣዩን ወተት ከማስቀመጥሽ በፊት ጠርዙ ላይ ትናንሽ አረፋ እስኪያወጣ ብቻ አሙቂው፣ ሳይፈላ አውርጂው፣ ወዲያው በቀዝቃዛ ውኃ አቀዝቅዘሽ አስገቢው። እሳት የማይነካው ከሚለው ደንብ ይህ ብቸኛው ልዩነት ነው። የቀለጠውን ማሞቅ ግን ሽታውን አያስለቅቅም። የኮመጠጠ፣ አዙሮ የማይዋሃድ፣ የሚጎተት ወተት ግን ይደፋ።

መድኃኒት የጀመርሽ ከሆነ፣ ወይም ጡትሽ ቀልቶ፣ አብጦና ትኩሳት ይዞሽ ከሆነ ለባለሙያ ንገሪ፤ በጡት ሕመም ጊዜ ማለብ ማቆም አብዛኛውን ጊዜ ሕመሙን ያባብሳል። ኤች አይ ቪ በደሟ ያለባት እናት ስለ ማጥባትም ሆነ ስለ ማለብ ከምትከታተልበት ጤና ተቋም ጋር ተነጋግራ ትወስን። የአንዷ እናት ወተት ለሌላዋ ልጅ በደግነት ብቻ አይሰጥ፤ በሕፃናት ማቆያ ውስጥም የልጅሽ ስም በእያንዳንዱ ዕቃ ላይ በትልቁ ይጻፍ።